ለነፍስ የተተወ መድኃኒት

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የዋርዱን ንብረት ማስረከብ ብቻ ግማሽ ቀን ወሰደብኝ። አልጋ ተቆጠረ፣ ብርድ ልብስ ተቆጠረ፣ የግሉኮስ መስቀያ ተቆጠረ። ከእኔ ጋር ያረጀችው የደም ግፊት መለኪያ እንኳን «የምትሠራ» ተብላ ተመዘገበች፤ እኔ ግን «የምትሰናበት» ተብያለሁ። የተረከበችኝ ወጣት ነርስ ቀልጣፋ ልጅ ናት። የመድኃኒት ጠረጴዛው ጋ ስንደርስ ሦስተኛውን መሳቢያ ሳበችና ባዶ ሆኖ ብታገኘው ገረማት።

«ሲስተር፣ እኛ ቦታ አጥተን ጓንት መስኮት ላይ እንደረድራለን፤ ይሄን ለምን ባዶውን አስቀመጡት?»

«ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ ነው፤ የፈለግሽውን ክተቺበት» አልኳት።

ይህ መልስ እንዳልሆነ እሷም ገብቷታል፤ ግን የሽኝቱ ለስላሳና ዳቦ እየጠበቀን ነበርና አልገፋችበትም። ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ነው ጥያቄው የከነከነኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ነርስ ሆኜ ስሠራ ስለ ብዙ ነገር ተመስግኛለሁ፣ ስለ አንዳንዱም ተቆጥተውኛል። ስለዚያ መሳቢያ ግን የማይገባኝን ምስጋና ስቀበል ነው የኖርኩት። የሆስፒታሉን ስም አልጽፍም። ጥፋቱ የእኔ የዘነበች ነው፤ ሌላ ሰው ላይ እንዲላከክ አልፈልግም።

ሥራ የጀመርኩት ዴራ ነው። እኔ የአሰላ ልጅ ነኝ፣ የብርድ ልጅ፤ ጭላሎ ደመናውን ሲከናነብ አይቼ ካፖርት የምደርብ። ዴራ ስወርድ ሙቀቱና አቧራው ተባብረው ተቀበሉኝ። ክሊኒኩ ሁለት ክፍል ነበረች። ሐኪም የለም። ያለው ጋሽ ወርቁ የሚባሉ ድሬሰር ነበሩ። በዚያ ዘመን ቁስል ከማጠብ አንስቶ እስከ ማዋለድ ድረስ የሚሠራው የጤና ረዳት ድሬሰር ይባል ነበር። እኔ ከነርስነት ትምህርት ቤት ትኩስ የወጣሁ ስለነበርኩ ከእሳቸው የበለጥኩ መስሎኝ ነው የሄድኩት። ያ ሐሳብ ሦስት ቀን ቆየ።

ያኔ መርፌ አንዴ ተወግቶበት አይጣልም ነበር። ስሪንጁ የብርጭቆ ነው፤ በላምባ ምድጃ ላይ በቆርቆሮ ዕቃ ይቀቀላል። መርፌው ሲደንዝ ጋሽ ወርቁ ከበሩ አጠገብ ብርሃን ያለበት ቦታ ይቀመጡና መሳያ ድንጋዩ ላይ ዘይት ጠብ አድርገው ይስሉታል። ከዚያ በጥጥ ውስጥ ያሳልፉታል። አንድ የጥጥ ክር እንኳን ይዞ ከወጣ ጫፉ ተቆልምሟል ማለት ነው፤ እንደገና ድንጋዩ ላይ። «ጥጥ የያዘ ሥጋም ይይዛል» ይሉኝ ነበር። ለአንድ መርፌ ያን ያህል ሲደክሙ ሳይ መጀመሪያ ሥራ የጠፋባቸው ሰውዬ መስለውኝ ነበር። በኋላ ሕፃናት በእሳቸው እጅ ሲወጉ ብዙም እንደማያለቅሱ አስተዋልኩ።

ሌላ ልማድ ነበራቸው። የመንግሥት መዝገብ ላይ በእርሳስ አንድ ዓምድ ጨምረዋል፤ ርእሱ «ለምን» ይላል። ፔኒሲሊን ከመስጠታቸው በፊት እዚያ ላይ ይጽፋሉ፤ የሳንባ ምች፣ የመገለ ቁስል፣ እንዲህ እያሉ። የሚጽፉት ካጡ መዝገቡን ዘግተው ብልቃጡን ወደ ቦታው ይመልሱታል። ከወረዳ የመጣ ተቆጣጣሪ «መንግሥት ያላዘዘው ዓምድ ነው» ብሎ ቢቆጣቸው፣ «ልክ ነዎት» ብለው በላጲስ አጠፉለት። ሰውየው መኪና ውስጥ ሳይገባ መልሰው አሰመሩት።

አንድ ቀን ጉንፋን የያዘው ገበሬ ከሩቅ በእግሩ መጣ። መርፌ ካልተወጋሁ አልሄድም አለ። ጋሽ ወርቁ ደረቱን በደንብ አዳምጠው፣ «ሳንባህ ንጹሕ ነው፤ ይሄ በራሱ ይሄዳል» አሉት። ሰውየው ተሳደበ፣ ዱላውን መሬት ላይ ደበደበ፣ ያን ሁሉ መንገድ ለወሬ አልመጣሁም አለ። አንጀቴ አልቻለም። ጋሽ ወርቁ ወደ ጓዳ ሲገቡ ጠብቄ ስሪንጅ መሙላት ጀመርኩ። ከኋላዬ መጥተው እጄን ያዙኝ።

«ይሄ መርፌ ለእሱ ነው ወይስ ላንቺ?»

«ለእሱ ነዋ ጋሼ!»

«ጉንፋን ፔኒሲሊን አይፈራም ልጄ። ስድቡን መስማት ያቃተሽ አንቺ ነሽ። ለራስሽ ከሆነ ክንድሽን አውጪና ልውጋሽ።»

ሳምንት አኮረፍኳቸው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ «ነይ፣ አንድ ቦታ እንሂድ» ብለው ሁለት ሰዓት በእግር ወሰዱኝ። ሰውየው አውድማው ላይ ጤፍ እየወቃ ነበር። ሲያየን ሳቀ፤ ስድቡንም መርፌውንም ረስቶታል። ጋሽ ወርቁ ደረቱን ድጋሚ አዳምጠው ተመለስን፤ በመንገድ ላይ ስለዚያ ነገር አንድ ቃል አልተናገሩም። እኔ ግን ኩርፊያዬን እዚያው አውድማ ላይ ትቼው መጣሁ። እኚህን ሰው አምስት ዓመት አይቼ፣ አምስት ዓመት ተምሬ፣ ኋላ እንዴት እንደረሳኋቸው ነው ዛሬም የሚያስገርመኝ።

ወደ አሰላ የተዛወርኩት ትዳር ስይዝ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ዘመኔ በአንድ ሆስፒታል፣ አብዛኛውም በአንድ ዋርድ ውስጥ አለቀ። ደመወዙን አላነሳም፤ ያኔም ትንሽ ነበር፣ ሲያድግም ትንሽ እንደሆነ አደገ። ሥራው ግን ይጥመኝ ነበር። የብርጭቆ ስሪንጅ ቀርቶ አንዴ ተወግቶ የሚጣለው መጣ። ፔኒሲሊን ወደ ዳር ተገፍቶ ሴፍትሪአክሶን የሚባለው ነጭ ዱቄት ነገሠ። ጠዋት ተረኛ ስሆን የመጀመሪያ ሥራዬ እሱን መበጥበጥ ነበር። ውኃውን በብልቃጡ ግድግዳ በኩል ቀስ አድርጎ መልቀቅ፣ ከዚያ በሁለት መዳፍ መሐል ማንከባለል፤ አረፋ እንዳያወጣ አለመነቅነቅ። በትሪው ላይ በአልጋ ቁጥር ደርድሬ ስወጣ አስታማሚው ሁሉ ዐይኑ ትሪው ላይ ነው። የማን መርፌ መጣ፣ የማን ቀረ?

በእኛ አገር መርፌ ያልተወጋ ሰው ታከመ አይባልም። ሐኪሞቹም ያውቁታል። ኢንፍሉዌንዛ ነው፣ የጉበት ቫይረስ ነው ተብሎ ካርዱ ላይ ተጽፎ እያለ ከሥሩ «ለጥንቃቄ» ተብሎ አንቲባዮቲክ ይታዘዛል። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያ እንጂ ቫይረስ እንደማይገድል የአንደኛ ዓመት ተማሪ ያውቃል። ግን የበሽተኛ እናት ዐይን ዐይናችንን እያየች የተማርነውን ማስታወስ ቀላል አልነበረም። ማንም ክፉ አልነበረም። ሁላችንም እየራራን ነው ያጠፋነው፤ ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው።

የመሳቢያው ነገር የተጀመረው በአንድ ሟች ነው። የዋርዱ መድኃኒት ሲያልቅ ቤተሰብ በማዘዣ ከውጭ ገዝቶ ያመጣል። አንድ የበቆጂ ሰው ሲሞት ያልተከፈቱ ብልቃጦች ተረፉት። ወንድሙን ጠርቼ «ይውሰዱት» ስለው እጁን ሰበሰበ።

«የሞተ ሰው መድኃኒት ቤት አይገባም፣ ሲስተር። ለቸገረው ስጪልን፤ ለነፍሱ ይሁነው።»

ለነፍስ የተሰጠ ነገር ይጣላል እንዴ? ሦስተኛው መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። በሳምንቱ መግዛት ያቃተው አንድ የጋሪ ነጂ ተኛ፤ ለእሱ ሰጠሁት፣ ዳነ። ከዚያ ወሬው ተዛመተ። ክርስቲያኑ ለነፍሱ እያለ፣ ሙስሊሙ ሰደቃ ነው እያለ፣ የዳነው ለምስጋና፣ የሞተበት ለመታሰቢያ ይተውልኝ ጀመር። ለአንዱ የአራት ቀን፣ ለሌላው የሁለት ቀን፤ ያለውን አካፍላለሁ። መጠኑ ይሙላ አይሙላ የማየው በመሳቢያው ልክ ነበር። የነርሶች አለቃ የሆነችው ሜትረናችን አንድ ጊዜ ከፍታ አይታ፣ «ዘነበች፣ ይሄ የእግዜር ፋርማሲ ነው» ብላ ስቃ ዘጋችው። ኮራሁ። እውነቱን ልናገር፣ በጣም ኮራሁ። ጋሽ ወርቁ ያኔ አርፈዋል፤ ቢኖሩ ኖሮ መሳቢያውን ምን እንደሚሉት አውቃለሁ፣ ስለዚህም አላስባቸውም ነበር።

ከዚያ ኮሮና መጣ።

ከዲር የኦጎልቾ ልጅ ነው። ሽንኩርትና ቲማቲም በአይሱዙ የሚጭን ሾፌር፤ ሠላሳ ዓመት አይሞላውም። ምርመራው ቫይረሱን አሳየ፣ ትንፋሹ አጥሮ ኦክስጅን ላይ ዋለ። አስታማሚ አይግባ ተብሎ ነበር፤ ግን የከዲርን እናት ማን ያስወጣል? ባሏ ከሞተ በኋላ ብቻዋን ያሳደገችው አንድ ልጇ ነው። አፍና አፍንጫዋን በሻሽ ጠቅልላ አልጋው እግር ሥር ተተከለች።

የዋርዱ ሐኪም ዶክተር ሰላም ነበረች፤ ከተመረቀች ገና ዓመቷ፤ ቀጭን፣ ጸጥተኛ። ካርዱን ሦስት ጊዜ አንብባ «ይሄ ንጹሕ ቫይረስ ነው። ኦክስጅን፣ በደረቱ ማስተኛት፣ የሚያስፈልገው ያ ነው። አንቲባዮቲክ አልጽፍም» አለች። ልክ ነበረች።

በግራ የተኛው ሰው መርፌ ይወጋል፣ በቀኝ ያለውም ይወጋል። የከዲር እናት ትሪው ሲያልፋት ሁለት ቀን ዝም አለች። በሦስተኛው ቀን ጋዎኔን ያዘችኝ። አማርኛዋ ኦሮምኛ የተቀላቀለበት ነው፤ እኔም በሁለቱም እመልሳለሁ።

«ሲስተር፣ ሊልሞ ለሁሉም አለ። ለልጄ ለምን የለም? ደሃ ስለሆንን ነው?»

ሊልሞ መርፌ ማለት ነው። በዚያ የፕላስቲክ መከላከያ ልብስ ውስጥ ላቤ በጀርባዬ እየወረደ፣ የምጠብቃቸው ሌሎች ስምንት አልጋዎች እያሉ፣ ይቺ ሴት «ደሃ ስለሆንን ነው?» አለችኝ። ሄድኩና ሦስተኛውን መሳቢያ ከፈትኩ። አንድ መምህር በዚያ ሳምንት ሞተው ቤተሰባቸው ለነፍሳቸው የተወው ዘጠኝ ብልቃጥ ሜሮፔነም ነበር። ይህ መድኃኒት የመጨረሻው ምሽግ ነው፤ ሌላው ሁሉ እንቢ ሲል የሚወጣ። የሦስት ቀን ብቻ ነው፤ አይሞላም። ይዤው ዶክተር ሰላም ጋ ሄድኩ።

«አያስፈልገውም እኮ ሲስተር» አለችኝ።

«ልጄ፣ አንቺ ገና ነሽ። እኔ በዚህ ዋርድ አንቺ ሳትወለጂ ነበርኩ። ጻፊና ሴትየዋ ትረፍ።»

ፊቷ ቀላ። ብዕሩን አነሳች፣ አስቀመጠች፣ እንደገና አነሳችና ጻፈች። ዕድሜዬን እንደ ዱላ ነው የተጠቀምኩባት።

ከዲር መርፌውን ሦስት ቀን ተወጋ። በአራተኛው ቀን ኦክስጅኑ ተቀነሰለት፤ ቫይረሱ በራሱ ጊዜ እየለቀቀው ነበር። እናቱ ግን ሊልሞው ነው አለች። እጄን በጓንቱ ላይ ሳመችው። «እጅሽ ይባረክ፣ እጅሽ አይደርቅ» እያለች መረቀችኝ። ከዲርም ጭንብሉን ገለጥ አድርጎ፣ ስድን ኦጎልቾ ድረስ በነጻ በአይሱዙ አስጎበኝሻለሁ፣ ሽንኩርቱ ላይ ትቀመጫለሽ፣ እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ሚስቱ እርጉዝ ነበረች፤ ሴት ትሆናለች ብሎ ስም ሁሉ አውጥቶላት ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ትኩሳቱ ተመለሰ። የአሁኑ ሌላ ነው፤ ብርድ ብርድ እያለ የሚያንቀጠቅጥ። ከደሙ ተወስዶ ላቦራቶሪ ሄደ። ከሁለት ቀን በኋላ የላቦራቶሪው ተፈራ «መጥተሽ እዪው» ብሎ አስጠራኝ። ተፈራ ውጤት በወረቀት መላክ የሚበቃው ሰው ነው፤ ማስጠራቱ አስፈራኝ።

ክብ ሳህኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳልኝ። አሠራሩን አውቀዋለሁ፤ ባክቴሪያው ሳህኑ ላይ ይዘራል፣ በየመድኃኒቱ የተነከሩ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች ይቀመጡበታል። መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነ በወረቀቱ ዙሪያ ምንም ያልበቀለበት ጥርት ያለ ቀለበት ይታያል። በከዲር ሳህን ላይ ቀለበት የሚባል የለም። ባክቴሪያው እስከ ወረቀቶቹ ጠርዝ ድረስ ጥግግት ብሎ በቅሏል፤ የሜሮፔነሟ ወረቀት ዙሪያ ሳይቀር።

«ይሄን ተህዋስ ዘንድሮ ከእናንተ ዋርድ ደጋግሜ አይቼዋለሁ» አለኝ ተፈራ። «ከሌላ ዋርድ አልመጣልኝም። ሲስተር፣ እናንተ ጋ ይሄን ትልቁን መድኃኒት በቁንጽል የሚሰጥ ሰው አለ?»

«እኔ ነኝ» አልኩት።

ሳህኑን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ወንበር ሳበልኝ። የሟች መድኃኒት፣ ለነፍስ የተባለው፣ የሁለት ቀን የሦስት ቀኑ፣ ሁሉንም ነገርኩት። አልተቆጣኝም። አንድ መርፌ አንድን ሰው ገደለ ማለት አይቻልም አለኝ። ተህዋሱ ከመርፌው በፊት ዋርዱ ውስጥ ኖሮ ይሆናል፤ በእጅም ደም ሥር ላይ በሚሰካው ካኑላም ሊገባ ይችላል። «ግን መድኃኒቱ ሳያስፈልገው ሲገባ ደካማዎቹን ይጠርጋል፣ ለጠንካራው ሜዳውን ይለቅለታል። ዓመታት ሲሆነው ደግሞ ዋርዱ ራሱ ይለምደዋል» አለኝ።

ከዲር በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ዐረፈ። የሚሰጠው መድኃኒት አልነበረም። እናቱ እኔን ነበር የምታየው፤ እጅሽ ላይ አንድ ነገር ይኖራል በሚል ዐይን። ባዶ እጄን ጋዎኔ ኪስ ውስጥ ከትቼ ቆምኩ።

ዶክተር ሰላም ዕቃ ግምጃ ቤት ገብታ ስታለቅስ አገኘኋት። «ፈርሜያለሁ፤ እኔ ነኝ» ትላለች። አቅፌያት «አይዞሽ» አልኳት እንጂ «እኔ ነኝ ያስፈረምኩሽ» አላልኳትም። ያን ለማለት ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ስነግራት «ሁለተኛ ማንም አያስጽፈኝም» አለች። አላስጻፏትምም። ዛሬ የተከበረች ሐኪም ናት፤ ነገሩን ግን አልረሳችውም፣ እኔም እንድትረሳው አልጠብቅም።

መሳቢያውን አራግፌ የነበረውን ሁሉ ለፋርማሲው በዝርዝር አስረከብኩ፤ ተቃጠለ። «ለነፍሱ» እያሉ የሚመጡትን መመለስ ከሁሉ ከበደኝ። አንዷ መነኩሲት «የሙት አደራ ትገፊያለሽ?» ብለውኛል። ከዚያ በኋላ በቀሩኝ ዓመታት ከዶክተር ሰላም ጋር ሆነን አንድ ልማድ አስገባን። አንቲባዮቲክ የተጀመረለት በሽተኛ በሦስተኛው ቀን ካርዱ ይከፈታል፤ ለምን ተጀመረ፣ የላቦራቶሪው ካልቸር ምን አለ፣ ይቁም ወይስ ይቀጥል? ልጆቹ «ሲስተር ለምን» የሚል ቅጽል ስም አወጡልኝ። በኮሪደሩ ሳልፍ «ለምን መጣች» እያሉ ይስቃሉ። ስሙ የማን ዓምድ እንደነበረ ባውቅም አብሬ እስቅ ነበር።

አንድ ነገር ግን አላስተካከልኩም። የከዲር እናት አሰላ በመጣች ቁጥር ዋርድ ትመጣለች። ኢቲቱ፣ የአርሲን የረጋ ወተት ማለቴ ነው፣ በቅል ይዛ። «ሰው ሁሉ ሲተወን አንቺ ሊልሞ ሰጠሽው፤ አላህ ቢወስደውም አንቺ ሞክረሻል» ትልና በሰው ፊት ትመርቀኛለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ኢቲቱውን ለጽዳት ሠራተኞቹ እሰጠዋለሁ። ልነግራት አፌን የከፈትኩባቸው ቀናት አሉ። ግን በዓለም ላይ እንደ እሷ የሚወደኝ በሽተኛ ቤተሰብ አልነበረኝም፤ ያን ማጣት ፈራሁ። አራት ዓመት ፈራሁ።

ጡረታ ወጥቼ የዚያች ወጣት ነርስ ጥያቄ ሲከነክነኝ ከረመና አንድ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አሰላ ላይ በሹራብ ተሳፍሬ ኦጎልቾ በሸሚዝ ወረድኩ። የከዲር እናት በር ላይ ስታየኝ እልል አለች።

«አላህ ነው ያመጣሽ! አሁን ጋሪ ልጠራ ነበር።»

የከዲር ልጅ፣ አባቷ ስም ያወጣላት ነጃት፣ ፍራሽ ላይ ተኝታለች። እናቷ ገበያ ሄዳለች። ልጅቷ ትኩሳት አላት፣ አፍንጫዋ ይፈሳል፣ ዐይኗ ቀልቷል።

«ጋሪ የምጠራው ሊልሞ ላስወጋት ነው። በቃ፣ አንቺ ውጊያት። ያንቺ እጅ ነው የሚሻለው» አለችኝ የከዲር እናት፤ እጄንም ይዛ ወደ ልጅቷ ሳበችው።

ልጅቷን መረመርኳት። አተነፋፈሷን አየሁ፣ ጆሮዋን፣ ጉሮሮዋን፣ አንገቷን፣ ቆዳዋን። ውኃ ትጠጣለች። ስኮረኩራት ትስቃለች። ጉንፋን ነው።

«መርፌ አያስፈልጋትም» አልኩ።

«ለአባቷ ሰጥተሽ ለእሷ ትከለክያለሽ?»

ሌላ በር አልነበረም። ቁጭ ብዬ ነገርኳት። በኦሮምኛ ጀመርኩ፣ ሲጨንቀኝ ወደ አማርኛ ገባሁ፣ ተመለስኩ። ልጅዎ የያዘው በሽታ ያን መርፌ አይፈልግም ነበር አልኳት። ሐኪሟ እንቢ ብላ ነበር፣ ያስፈረምኳት እኔ ነኝ። መድኃኒቱም የሟች ነው፣ አይሞላም ነበር። በመጨረሻ የገደለው ተህዋስ እንደ እኔ ባሉ ሰዎች መርፌ የጠነከረ ነው።

እየሰማች መልሳ ይዛው የነበረውን እጄን ለቀቀች።

«ገድለሽዋል ማለት ነው?»

«አላውቅም። ያለ መርፌውም ሊሞት ይችል ነበር፤ ማንም ሊያውቅ አይችልም። እኔም ግን አልገደልኩም ማለት አልችልም።»

ተነስታ ወጣች። በመስኮቱ ግቢው ውስጥ ስትዞር አያታለሁ፤ የተበላበት ዕቃ አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠች፣ ዶሮ አባረረች። እኔ አለቀስኩ። ነጃት በትኩሳቷ ውስጥ ሆና ታየኛለች። ብዙ ቆይታ ተመለሰችና በሩ ላይ ቆመች።

«ያን ቀን ጋዎንሽን ስይዝ ምን ማድረግ ነበረብሽ?»

«መርፌ አያስፈልገውም ብዬ አጠገብዎ መቀመጥ። ፈርተው ነበር፣ ብቻዎን ነበሩ። መርፌ መውጋት ሁለት ደቂቃ ነው፤ መቀመጡ ነው የከበደኝ።»

«አራት ዓመት መርቄሻለሁ» አለች። «ምርቃት ከአፍ ከወጣ አይመለስም፤ ያ ያንቺው ነው። ዛሬ ግን አዲስ የለኝም።»

«ይገባኛል።»

በርጩማውን በእግሯ ገፋ አድርጋ ከነጃት ራስጌ አስጠጋችው።

«እንግዲያው አሁን ታኢ።»

ታኢ ተቀመጪ ማለት ነው። ተቀመጥኩ። ያን ቀን አልሄድኩም፣ በማግስቱም። ጨርቅ እያራስን፣ ጥቂት ጥቂት አጥሚት እያጠጣናት፣ ደረቷን እያየሁ ተቀመጥኩ። ትኩሳቱ ሲያሻቅብ የከዲር እናት ፊቴን ታነባለች፤ ፈርቼ እንደሆነ ለማየት። ስፈራ እፈራለሁ አልኳት፣ ሳልፈራም አልፈራም አልኳት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ነጃት ላብ በላብ ሆና ነቃችና ራበኝ አለች። አያቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች። ከዲርን ነው ያለቀሰችው። አጠገቧ ሄጄ ቆምኩ፣ አላባረረችኝም።

መኪና ድረስ ሸኘችኝ። አልመረቀችኝም፣ አልሳመችኝም። ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል ወደ መስኮቱ ቀረበች።

«ሊልሞ አላስወጋትም፣ እሺ። ግን ስትታመም እደውላለሁ። መጥተሽ ትቀመጫለሽ።»

«እመጣለሁ» አልኳት።

ባለፈው ማክሰኞ ደወለች። ሄድኩ።